ባሌ የገዛውን ፍራሽ እንለውጥ ብል ጠብ ሆነ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ እያፈርኩ ነው። ሰው በትዳሩ ስንት ከባድ ነገር ይገጥመዋል፤ እኔ ደግሞ ስለ ፍራሽ ልጽፍልዎ ነው። ግን ነገሩ ከፍራሽ አልፏልና ይስሙኝ።

38 ዓመቴ ነው። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው ጥር 2006 ዓ.ም. ሲሆን ሁለት ልጆች አሉን። ፍራሹን የገዛው እሱ ነው። ሠርጋችን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዕቁብ ደርሶት፣ ከሁሉ በፊት የገዛው እሱን ነበር። ባለ ሜትር ከሃምሳ የስፖንጅ ፍራሽ ነው። ያኔ በጣም ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። እንዳይቆሽሽ ብሎ ላስቲኩን እንኳ አላስነሣኝም። የተነሣው የመጀመሪያው ልጃችን ተወልዶ፣ በተገላበጥን ቁጥር ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ሕፃኑን እየቀሰቀሰ ስላስቸገረን ነው። ከዚያ በኋላ ልጆቹ በየተራ ካርታ ሥለውበታል።

አሁን መሃሉ ጎድጉዷል። በሱ በኩል ይብሳል፤ ባለቤቴ ገዘፍ ያለ ሰው ነው። እኔ ጠርዝ ይዤ እተኛለሁ፣ ሌሊት ተንከባልዬ ጉድጓዱ ውስጥ እገባለሁ። ጠዋት ስነሣ ወገቤ ደርቆ ጎንበስ ብዬ ካልሲ ማጥለቅ ያቅተኛል። ፊቴን ታጥቤ፣ ሻይ አፍልቼ እስክጨርስ ድረስ ይለቀኛል። የሚገርመው ግን ለሥራ መስክ ስወጣ ተራ ፔንሲዮን ውስጥ አድሬ እንኳ ደህና ሆኜ ነው የምነሣው።

«እንለውጠው» ስለው መልሱ አንድ ነው። «ምን ሆነ? ተቀደደ? አባቴ ጠፍር አልጋ ላይ ጀንዲ አንጥፎ ተኝቶ ሰማንያ ዓመት ኖሯል!» ይለኛል። «ወገብሽን ካመመሽ መሬት ላይ ተኚ፣ ሐኪምም የሚያዘው ይኸንኑ ነው» አለኝ አንድ ቀን። ተናደድኩ። ትራሴን ይዤ ሴቷ ልጄ ጋ ገባሁ። ይሄ በየካቲት ነው። እስከ ዛሬ አልተመለስኩም። የልጅቷ ፍራሽ አዲስ ስለሆነ ወገቤ ተሽሎኛል። ባለቤቴ ግን ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። ለምን አልመጣሽም ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አማቴ ለፋሲካ መጥተው መኝታ መለየታችንን አዩ። «ልጄ ምን አጠፋ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ፍራሽ ነው ብል ማን ያምነኛል?

የራሴ ገቢ አለኝ። ጓደኛዬ «ገዝተሽ አስገቢው፣ ምን ያመጣል» ትለኛለች። አሮጌውን ለአጋዣችን እሰጣታለሁ ብዬም አስቤያለሁ፣ እሷ የምትተኛው የሳሳ የጥጥ ፍራሽ ላይ ነው። ለመሆኑ አንድ ፍራሽ ስንት ዓመት ነው የሚያገለግለው? ወይስ እኔ ነኝ ያበዛሁት?

ወገቤ ነኝ፣ ከጀሞ

*

ውድ እህቴ፣

በፍራሽ ጉዳይ መጻፍ ምንም አያሳፍርም። በቀን ስምንት ሰዓት የሚተኛ ሰው ከዓመቱ አራቱን ወር እዚያ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ሶፋ ለመግዛት ስንት ቤት እንዞራለን፣ ለእንግዳ ነዋ! ፍራሹን ግን እንግዳ አያየውም፣ አንሶላ ሸፍኖታል። ብዙ ቤት ውስጥ መጨረሻ የሚለወጠው ዕቃ እሱ የሚሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

የጠየቅሽኝን ቁጥር ልስጥሽ። ጥሩ የሚባል ስፖንጅ ሰባት፣ ስምንት ዓመት ያገለግላል። ስፕሪንግ ያለው ከሰባት እስከ አሥር። ቀላሉና ርካሹ ስፖንጅ ሦስት፣ አራት ዓመት ሳይሞላው መሃሉን ይሰጣል። እናንተ 12 ዓመት ተኝታችሁበታል። ባለቤትሽ ያኔ የገዛው ዕቃ ጥሩ እንደነበር በዚህም ይታወቃል፤ ይሄንን ያዢልኝ፣ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ቁጥሩን ግን እንደ መድኃኒት ማብቂያ ቀን አትዪው። «በስምንት ዓመቱ ለውጡ» ብለው አብዝተው የሚነግሩን ፍራሽ የሚሸጡት ናቸው። እንግዳ ክፍል ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚተኙበት ፍራሽ 15 ዓመት ቆይቶም ደህና ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰው በየቀኑ የሚተኛበት፣ በዚያ ላይ አንዱ ከበድ ያለ ከሆነ፣ ከተባለውም ዓመት ቀድሞ ያልቃል። ስፖንጅ ማለት እልፍ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ናቸው። በየሌሊቱ ክብደት፣ ሙቀትና ላብ ሲያገኛቸው ግድግዳቸው እየደከመ ይሄዳል። አንዴ ከደከሙ ተመልሰው አይነሡም። ልጆቹ የሣሉት ካርታም እርጥበት ነውና የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል።

ስለዚህ ከዓመቱ ይልቅ አንቺ ራስሽ የጻፍሽልኝ ምልክት ይበልጥብኛል። ጠዋት ወገብሽ ደርቆ ትነሺያለሽ፣ ሻይ እስኪፈላ ይለቅሻል። ሌላ ቦታ ስታድሪ ደህና ነሽ። ልጅሽ ጋ ከተኛሽ ወዲህ ተሽሎሻል። ሳታውቂው ምርመራውን ጨርሰሽዋል እኮ። አላበዛሽም።

ሆኖም ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ። ፍራሹን አንሥተሽ የአልጋውን ርብራብ እዪው። የተሰነጠቀ ወይም የጎበጠ ጣውላ ካለ ጥፋቱ የፍራሹ ላይሆን ይችላል። አንድ ጣውላ ማስቀየር የግማሽ ቀን የአናጢ ሥራ ነው። ርብራቡ ደህና ከሆነ ፍራሹን አንሶላውን ገፈሽ መሬት ላይ አንጥፊው። ከዚያ ቀጥ ያለ የመወልወያ እንጨት ከዳር እስከ ዳር አጋድሚበት። በእንጨቱና በጎድጓዳው መሃል ሁለት ጣት ደርበሽ ካስገባሽና ገና ቦታ ከተረፈ፣ ያ ፍራሽ ማንንም ቀጥ አድርጎ አያስተኛም። ይህንን ፈተና ብቻሽን እንዳታደርጊው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ሰው ሁሉ የሚሞክረው መላ አለ። ከሥር ችፑድ ማስገባት፣ ከላይ ቀጭን ስፖንጅ መደረብ። ችፑዱ ርብራቡን ያጠነክራል እንጂ ስፖንጁ ውስጥ ያለውን ጉድጓድ አይሞላም። የተደረበውም ስፖንጅ ጉድጓዱን ተከትሎ ይሰምጣል። ለአንድ ሁለት ወር ማስታገሻ ይሆንሻል፣ ከዚያ ያለፈ አትጠብቂ። ራስጌውን ወደ ግርጌ ማዞርም ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን የሚጠቅመው ገና ደህና ለሆነ ፍራሽ ነው። የናንተ መሃሉ ነው የሄደው፤ መሃል ደግሞ ቢያዞሩትም መሃል ነው።

«መሬት ላይ ተኚ» ስላለሽ ነገር። ባለቤትሽ ከሜዳ ተነሥቶ አላለሽም። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችም ወገብ ለሚያመው ሰው ጠንካራ መኝታ ያዙ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ግን ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ የስፔን ጥናት ወጣ። ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸው 313 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሱ በጠንካራ ፍራሽ፣ ገሚሱ በመካከለኛ ፍራሽ ላይ ለ90 ቀን ተኙ። በመጨረሻ ይበልጥ የተሻላቸው በመካከለኛው ላይ የተኙት ሆነው ተገኙ። መካከለኛ ማለት ትከሻና ዳሌሽን ትንሽ ተቀብሎ ወገብሽን ግን የማያሰምጥ ነው። በተለይ በጎንሽ የምትተኚ ከሆነ ድንጋይ የመሰለ ፍራሽ ትከሻሽን ያደነዝዘዋል። ስለዚህ «ለወገብ ነው» ብለሽ የመጨረሻውን ጠንካራ እንዳትገዢ።

ከዚህ ጋር አንድ ጥያቄ። ሕመሙ ወደ ታች ወርዶ ከጉልበትሽ በታች ይሄዳል? እግርሽ ይደነዝዛል ወይስ ይዝላል? ሌሊት ትኩሳት ወይም ላብ፣ ያልፈለግሽው ክብደት መቀነስ አለ? መድረቁ ከተነሣሽ ግማሽ ሰዓት አልፎም ካለቀቀሽ፣ ወይም ከእነዚህ አንዱ ካለ፣ ፍራሹን ለጊዜው ተዪውና ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ ደግሞ የዚያኑ ቀን። ከጻፍሽልኝ ይህ ያለብሽ አይመስልም፤ ልብሽ እንዲያርፍ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ፍራሹ ስትጽፊ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ስፋቱ፣ የተገዛበት ወር፣ ላስቲኩ ሳይቀር። ስለ ባለቤትሽ ዝምታ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፍሽው። «ለምን አልመጣሽም ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም» ብለሽ አለፍሽው። የከበደሽ እዚያ ላይ መሰለኝ። እንዲጠይቅሽ ስትጠብቂ ወራት አለፉ አይደል? እሱስ ምን እየጠበቀ ይሆን?

እስቲ በሱ በኩል ሆነሽ እዪው። ወጣት ነው፣ ሊያገባ ነው፣ ዕቁብ ደረሰው። ያንን ብር ለሱፍም ለጫማም ሳይሆን አንቺ ለምትተኚበት ፍራሽ አዋለው። ላስቲኩን እንኳ አላስነሣም፣ ሳሳለት። ዛሬ «ይሄ ነገር ወገቤን ጨረሰው፣ ይጣል» ስትዪው ስለ ስፖንጅ የምታወሪ አይመስለውም፤ ያኔ ያደረገውን የናቅሽበት ይመስለዋል። ቀጥሎ አንድ ሌሊት ትራስሽን ይዘሽ ወጣሽ። ወገቤ ነው አላልሽም፣ ተናደሽ ነበር። እሱ ያየው ሚስቱ መኝታ ስትለይ ነው። ወንድ ልጅ በዚህ ቦታ ላይ አፉን ከፍቶ «ለምን?» ማለት ይከብደዋል። መልሱን ስለሚፈራ።

እንዲህ ስል ጥፋቱን ወዳንቺ መግፋቴ አይደለም። «መሬት ላይ ተኚ» ደግ ንግግር አይደለም፣ ያናድዳል። እኔም ብሆን ትራሴን ሳልይዝ አልቀርም ነበር። ግን በየካቲት ያናደደሽ ነገር እስከ ዛሬ ሳይነገር መኝታ ለይቷችኋል። አማትሽም ካዩ ወዲህ የቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ ከፍራሹ በፊት ይሄንን አንሺው።

መኝታ ሰዓት ላይ አይሁን፣ ሁለታችሁም ደክማችኋል። ልጆቹ በሌሉበት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ቢሆን ደስ ይለኛል። ንግግሩን በፍራሹ አትጀምሪ። «ከዚያ አልጋ የወጣሁት በወገቤ ነው፣ በአንተ አይደለም። ያን ቀን ተናድጄ ሳልነግርህ ቀረሁ» በዪው። ከዚህ በላይ አታስረዝሚው። ዝም ካለ ዝም ይበል፤ ዝምታውን በወሬ አትሙዪው። ከዚያ ጠይቂው፣ «አንተስ ምን መሰለህ?» በዪ። መልሱ ካሰብሽው ሌላ ሊሆን ይችላል። ምናልባት እጁ አጥሮት ይሆናል፣ ለመናገር ግን ክብሩን ነክቶበት። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ዕዳ፣ ምን እንዳለበት ሁሉንም ታውቂያለሽ? ወይም እሱም ራሱ ወገቡን እያመመው ደብቆሽ ይሆናል። ጉድጓዱ እኮ በሱ በኩል ነው ያልሽኝ።

ፈተናውን ብቻሽን አታድርጊው ያልኩሽ ለዚህ ነው። የመወልወያውን እንጨት እሱ ያጋድመው፣ ጣቱን እሱ ያስገባ። አንቺ ለክተሽ ብትነግሪው ክስ ይሆንበታል። እሱ ራሱ ሲለካው ግን የቤት ውስጥ ሥራ ነው፣ እንደ ቧንቧ ማየት። ወንዶች ደግሞ መለካት ይወዳሉ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና።

የአባቱን ነገር ካነሣብሽ አትከራከሪው፣ ተቀበዪው። «እውነትህን ነው» በዪና ጠይቂው። ጠፍሩ ሲላላ አባትህ ምን ያደርጉ ነበር? ጠፍር አልጋ አንዴ ተሠርቶ ለዘላለም የሚተኙበት ነገር አልነበረም። ጠፍሩ ሲረግብ ተፈትቶ ይወጠራል። ሲበጠስ በአዲስ ቆዳ ይተካል። የጥጥ ፍራሽም እንዲሁ ነው። ጥጡ ሲቋጠር እናቶቻችን ስፌቱን ይፈቱና ጥጡን ፀሐይ ያስመቱታል። ከዚያ በደጋን ተነድፎ እንደ አዲስ አብጦ ይመለሳል። ሽፋኑ ይታጠባል፣ ይሰፋል። ባለቤትሽ የሚያነሣው ሰው መኝታውን በየጊዜው ሲያድስ የኖረ ሰው ነው ማለት ነው። የእኛ ስፖንጅ ግን አይወጠርም፣ አይነደፍም። ማደሻው መለወጥ ብቻ ነው። ይሄንን በማሸነፍ ድምፅ ካልነገርሽው ይገባዋል ብዬ አስባለሁ። ራሱ ትዝ ብሎት ቢያወራሽ ደግሞ የበለጠ።

ጓደኛሽ «ገዝተሽ አስገቢው» ያለችሽ በክፋት አይደለም። ብሩ አለሽ፣ ወገቡም ያንቺ ነው። ሌላ ቤት፣ ሌላ ሰው ቢሆን እኔም እሺ እል ይሆናል። እዚህ ቤት ግን አልደግፈውም። እሱ ከሥራ ሲመለስ የሱ ፍራሽ ደረጃ ላይ ቆሞ፣ አዲሱ አልጋው ላይ ተነጥፎ ቢያገኝ ምን የሚሰማው ይመስልሻል? ወገብሽ ይድናል፣ እሱ ግን ከልጆቹ ክፍል እንኳ ሳትመለሺ የተሸነፈ ይመስለዋል። ወጪውን አብራችሁ አውጡት፣ እሱ የሚያዋጣው ትንሽ ቢሆንም። ዕቁብ የሚጀምረው ባለቤትሽ ቢሆን ደግሞ ታሪኩም ያምራል። ከፈለጋችሁ ሁለታችሁም አንድ ዕጣ ያዙና ቀድሞ የደረሰው ይግዛ።

በጭራሽ እምቢ ካለስ? ያን ጊዜም ወገብሽን ሰውተሽ ጉድጓዱ ውስጥ ተኚ አልልሽም። «እስከዚህ ወር መጨረሻ እናስብበት፣ ከዚያ እኔ እገዛዋለሁ» ብለሽ ቀን ቆርጠሽ ንገሪው። ተነግሮት የሚደረግና በድንገት የሚደረግ አንድ አይደሉም። አማትሽን ግን ለሱ ተዪለት። «እማዬ፣ ወገቧን አሟት ነው» ማለት ያለበት እሱ ነው። ካንቺ አፍ ሲወጣ ሰበብ ይመስላል።

ልትገዙ ስትወጡ አብራችሁ ሂዱ። ሻጩ «ወፍራም ነው፣ ባለ ሃያ ሳንቲ ነው» ይልሻል። ውፍረት ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ሻጮቹ ዴንሲቲ የሚሉትን ጠይቂ፤ አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ከ20 በታች ከሆነ ለሁለት አዋቂ የዕለት መኝታ አይሆንም። 30ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ለከበደ ሰው፣ ዕድሜ ይኖረዋል። ቁጥሩን ካላመንሽ ፍራሹን ራሱን አንሺው። ባለ ሜትር ከሃምሳ፣ ርዝመቱ ሜትር ከዘጠና፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ በዴንሲቲ 20 ስፖንጁ ብቻ 11 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። በዴንሲቲ 30 ግን 17 ኪሎ ይደርሳል። አንዱን በአንድ እጅ ጎትተሽ ታወጪዋለሽ፣ ሁለተኛው ሰው ያስጠራሻል። ዴንሲቲና ጥንካሬ ግን አንድ አይደሉም። ለስላሳ ሆኖ ዴንሲቲው ከፍ ያለ አለ፣ ደረቅ ሆኖ ቶሎ የሚያልቅም አለ።

ከዚያ ጫማችሁን አውልቃችሁ ተኙበት። አዎ፣ ሱቁ ውስጥ! ሁለታችሁም፣ ጎን ለጎን፣ ቤት እንደምትተኙት። አንድ ደቂቃ ቁጭ ብሎ መነሣት ምንም አይነግርሽም፣ አሥር ደቂቃ ይሁን። ሰው ቢያይ ይይ፣ ባልና ሚስት ናችሁ። በጀርባሽ ተኝተሽ መዳፍሽን ከወገብሽ ሥር አስገቢ። እጅሽ እንደ ልብ የሚመላለስ ከሆነ ደርቆብሻል። ጭራሽ አልገባ ካለ እየሰመጥሽ ነው። ትንሽ ታግሎ የሚገባው ያንቺ ነው። የተጠቀሙበት ፍራሽ በርካሽ ብታገኙ ግን እለፉት፤ ትኋን ስፌቱ ውስጥ ከገባ አልጋውንም ግድግዳውንም ይወርሳል።

ቤት ሲገባ ላስቲኩን በዚያው ቀን አንሺው። ይሄ ላይ አልደራደርም። ላስቲክ ላብን ወደ ውስጥ አፍኖ ያስቀራል፣ ያሞቃል፣ ይሸታል። ላስቲክ የተባለው ለመንገድ ነው። እንዳይቆሽሽ ከሰጋችሁ የሚታጠብ የጨርቅ ሽፋን አልብሱት። አዲስ ስፖንጅ የሚሸተው ነገር ስላለው መስኮት ከፍታችሁ አንድ ሁለት ቀን ይናፈስ። በሦስት በሦስት ወሩ ራስጌውን ወደ ግርጌ አዙሩት። ክረምት ሲወጣ አንድ ረፋድ ከነሽፋኑ በረንዳ ላይ አቁሙት። ቀኑን ሙሉ ጠራራ ላይ አይዋል፤ ፀሐይ ስፖንጁን ያወይበዋል፣ ያፈራርሰዋልም። የገዛችሁበትንም ቀን ጎኑ ላይ በማርከር ጻፉበት። ሌላ ጊዜ ስንት ዓመቱ ነው ብላችሁ እንዳትከራከሩ።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ በመጨረሻ ያነሣሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። አሮጌውን ለአጋዣችን እሰጣታለሁ ብለሻል። በቀና ልብ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የሷ ሳስቷል ብለሽ ነው። ግን እህቴ፣ አንቺን ወገብሽን የጎዳሽ ፍራሽ እሷን ምን ያደርጋታል? ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና የምትለው፣ ልብስ የምታጥበው፣ ጀሪካን የምታነሣው እሷ ናት። ከሁላችሁም በላይ ጥሩ መኝታ የሚያስፈልገው የሷ ወገብ ሳይሆን አይቀርም። ለእናንተ ስትገዙ ለሷም ባለ ዘጠና አንድ ጨምሩ። ባለ ዘጠና ፍራሽ ትንሽ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። አሁኑኑ ካልተቻለ የጥጥ ፍራሿን ፍቺላት፣ ጥጡን ፀሐይ አስመቺላት፣ የሚነድፍ ሰው ከተገኘ አስነድፊው፣ ከጎደለም ጥጥ ጨምሪበት። ከጎደጎደው ስፖንጅ የታደሰ ጥጥ በስንት ጣሙ።

የአሮጌው ስፖንጅ ዳርና ዳሩ፣ ግርጌውም፣ ብዙ ስላልተተኛበት ገና ደህና ነው። ባለቤትሽ እንዳይጣል ካለ እሱን በስለታም ቢላ ቆርጣችሁ ለበረንዳ መቀመጫ አልብሱት። መሃሉን ግን ቆራሌው ሲያልፍ ጥሪውና ይውሰደው።